ሳያም የሚያድግ የመንጋጋ ዕጢ፦ በወሎ ሕክምናው የሚበላሸው የት ላይ ነው?

ፊቱ አብጦ ከወሎ ገጠር ደሴ የሚመጣ ሕመምተኛ ብዙ ጊዜ አሞት አይደለም የሚመጣው። እንጀራ መጉረስ አቅቶት፣ ጥርሱ ተነቃንቆ፣ ወይም ገበያ ላይ ሰው ዞር ዞር እያለ ሲያየው ተሳቆ ነው። እባጩ ከጀመረው ግን ሦስትም አምስትም፣ አንዳንዴም ከዐሥር ዓመት በላይ ሆኖታል። ሐኪሙ «መቼ ጀመረዎት እናቴ?» ሲል የሚያገኘው መልስ ከኑሮ የተቆጠረ ነው፦ «ይቺን ልጄን ሳልወልዳት ነው የኔ ልጅ፤ ያኔማ የሽምብራ ፍሬ ታህል ነበረች፤ አላመመችኝም፣ ተውኳት።» ያቺ የሽምብራ ፍሬ ዛሬ ከጆሮ ሥር እስከ አገጭ ደርሳ ነጠላ ተከናንበው እንኳ የማይሸሽጓት ሆናለች።

ከእነዚህ ዕጢዎች አብዛኞቹ ካንሰር አይደሉም። ወደ ሳንባና ወደ ጉበት አይሠራጩም፤ በራሳቸው ሰው የሚገድሉበት ጊዜም ጥቂት ነው። አጥንት ግን ይበላሉ፣ ጥርስ ያፈናቅላሉ፣ አፍንጫ ይዘጋሉ፣ ዓይንን ከቦታው ይገፋሉ። ብዙ ዘመን ከተተዉ መዋጥም መተንፈስም ይከለክላሉ። በጊዜ ከተደረሰባቸው ደግሞ ብዙዎቹ በአንድ ቀዶ ሕክምና የሚያበቃላቸው ናቸው። እኔ እንደማምነው የሕመምተኛው ዕጣ የሚወሰነው ቀዶ ሕክምናው ከመደረጉ ከብዙ ዓመት በፊት ነው፤ መጀመሪያ ያየው ባለሙያ መንጋጋውን ራጅ አስነሥቶ እንደሆነና እንዳልሆነ ላይ። በወሎ ነገሩ የሚበላሸውም እዚያ ላይ ነው።

መንጋጋ ከሌላው የሰውነት አጥንት የሚለየው ጥርስ የሚያበቅል በመሆኑ ነው። ልጅ በማሕፀን ሳለ ጥርስን የሚቀርጹ ሕዋሳት ወደ አጥንቱ ውስጥ ይገባሉ፤ ሥራቸውን ሲጨርሱም ርዝራዣቸው በአጥንቱና በድዱ ውስጥ ይቀራል። ይህ ርዝራዥ በአብዛኛው ሰው ዕድሜውን ሙሉ ዝም ብሎ ይኖራል። በጥቂቶች ላይ ግን ነቅቶ መባዛት ይጀምራል። ከዚህ ከሚነሡት ሁሉ ስሙ የገነነው አሜሎብላስቶማ ነው፤ ጥርስን የሚሸፍነውን ጠንካራ ነጭ ልባስ ከሚሠሩት ሕዋሳት ወገን የሚወለድ ዕጢ ነው። ከ5 ሕመምተኞች በ4ቱ ላይ የሚወጣው በታችኛው መንጋጋ ሲሆን ይበልጥ የሚወደውም ወደ ኋላ፣ የመጨረሻው የመንጋጋ ጥርስ ያለበትን አካባቢ ነው። በዓለም ደረጃ በዓመት ከ1 ሚሊዮን ሰው ወደ 0.5 በሚጠጋው ላይ ይታያል ተብሎ ይገመታል። እንዲህ ሲባል የሌለ ያህል ይመስላል፤ ከ100 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ባለበት አገር ግን በየዓመቱ አዳዲስ ሕመምተኞች በዐሥሮች ይቆጠራሉ ማለት ነው። በአፍሪካ ደግሞ በለጋ ዕድሜ፣ ለትዳርና ለሥራ በሚታሰብበት ወቅት ይዞ የሚገኘው ብዙ ነው። ወሎ በቁንጅናዋ የሚዘፈንላት አገር ናት። በዚያ አገር ያለች የ20 ዓመት ልጅ ፊቷ በአንድ ወገን ሲያብጥ የሚደርስባትን መገመት አያዳግትም፤ ከለቅሶ ትቀራለች፣ ከሠርግ ትቀራለች፣ መጨረሻም ከውኃ መንገድ ትቀራለች።

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2014 ተመራማሪዎች በብዙ የአሜሎብላስቶማ ዕጢዎች ውስጥ ብራፍ የተባለው ዘረመል ተለውጦ እንደሚገኝ ደረሱበት። ይህን ለውጥ ዒላማ አድርገው የሚሠሩ መድኃኒቶች ዕጢውን ያሟሸሹባቸው ሕመምተኞች አሉ። ወደፊት ተስፋ ያለው መንገድ ነው። ዛሬ ለእኛ አገር ሰው ግን መዳኛው ቢላዋ ነው።

ሌሎቹንም የመንጋጋ ዕጢዎች ማወቅ ይጠቅማል፤ ሕክምናቸው አንድ አይደለምና። ፋይብረስ ዲስፕሌዥያ ጤናማው አጥንት ቀስ በቀስ በጭረታማ ሕብረ ሕዋስና ባልበሰለ አጥንት የሚተካበት ሕመም ነው፤ በልጅነት ይጀምርና ብዙውን ጊዜ ከጉርምስና በኋላ ይረጋጋል። ስለዚህ እንደ አሜሎብላስቶማ ቆርጦ መጣል ብዙ ጊዜ አያስፈልገውም፤ ጠብቆ፣ ሲረጋጋ ያበጠውን መላጨት ይበቃል። ለእሱ ጨረር መስጠት ደግሞ ስሕተት ነው፤ ወደ ካንሰር የመለወጥ አደጋውን ይጨምራል። ኦሲፋይንግ ፋይብሮማ በራጅ ላይ ድንበሩ ጥርት ብሎ ስለሚታይ ከእሱ ይለያል፤ በልጆች ላይ የሚወጣው ዓይነቱ ግን ቶሎ ስለሚያድግ ፋታ አይሰጥም። ማይክሶማ የሚያሙለጨልጭና ሽፋን የሌለው ስለሆነ ጠርጎ ለማውጣት አስቸጋሪ ነው። ጃይንት ሴል ግራኑሎማ የሚባለው ሲገኝ ቢላዋ ከመነሣቱ በፊት የደም ካልሲየምና የፓራታይሮይድ ሆርሞን መለካት አለበት፤ አንገት ላይ ያለች ፓራታይሮይድ የተባለች ትንሽ ሆርሞን አመንጪ ዕጢ ከልክ በላይ ስታመነጭ መንጋጋ ላይ ያንኑ የመሰለ እባጭ ታወጣለች። መንጋጋውን ቆርጦ አንገቱን የተወ ሐኪም ሕመምተኛውን አላዳነም።

እንግዲህ ወደ መጀመሪያው ቀን እንመለስ። ሰውየው ጤና ጣቢያ ይሄዳል፤ ጥርሱ ተነቃንቋል፣ ድዱ አብጧል። ባለሙያው በየቀኑ የሚያየው የበሰበሰ ጥርስና መግል የቋጠረ ድድ ነው፤ ከመቶው አንዱ ዕጢ ይሆናል ብሎ እንዲያስብ ያሠለጠነው የለም። አንቲባዮቲክ ይሰጠዋል። ካልተሻለው ጥርሱ ይነቀላል። እብጠቱ ሲቀጥል ሁለተኛው ጥርስ ይከተላል። ጥርሱ በተነቀለበት ቀዳዳ ዕጢው ወደ አፍ ብቅ ይላል፣ ይቆስላል፣ ይመረቅዛል፤ ያን ጊዜ ሕመምም ሽታም ይመጣል። ለቤተሰቡ ነገሩ ግልጽ ይመስላል፦ «ሐኪም ቤት ሄዶ ነው የባሰበት።» የመንደሩ ሰው ሁሉ ይህን ሰምቶ ቀጣዩ ሕመምተኛ ሐኪም ቤት ለመሄድ ያመነታል። አንድ ጥርስ ያለ ራጅ መንቀል ይህን ያህል ዋጋ ያስከፍላል።

ከዚህም የከፋ አለ። መንጋጋ ውስጥ ከሚወጡት መካከል በደም ሥር መዛባት የሚፈጠሩ ጥቂቶች አሉ። እነሱ ባሉበት አጥንት ላይ ጥርስ መንቀል በደቂቃዎች ውስጥ ነፍስ የሚያሳጣ መድማት ያስከትላል። ጥርሱ ሲነካ ወደ ውስጥ ሰመጥ ብሎ ተመልሶ ብቅ ካለ፣ በድዱ ዙሪያ ያለ ምክንያት ደም ከመነጨ፣ እባጩ ላይ የደም ትርታ ከተሰማ፣ እጅን መሰብሰብ ነው። ልምድ ያለው ሐኪም ናሙና ከመቁረጡ በፊት በመርፌ ስቦ የሚያየውም ለዚህ ነው። ቀይ ደም እየገፋ ከመጣ ቢላዋውን ያስቀምጣል።

ጥሩ ምርመራ ምን እንደሚመስል ላሳይ። ሐኪሙ ጓንት ያጠልቅና አውራ ጣቱን ከአፍ ውስጥ፣ ሌሎቹን ጣቶች ከጉንጭ ውጪ አድርጎ መንጋጋውን በመሐል ይይዘዋል። የድድ መግል ብዙውን ጊዜ አጥንቱን በአንድ በኩል ብቻ ነው የሚያሳብጠው፤ አሜሎብላስቶማ ግን ወደ ምላስም ወደ ጉንጭም ያሰፋዋል። አጥንቱ በጣም ከሳሳ ሲጫኑት ይሰረጉዳል፣ የመሰንጠቅ ድምፅም ያሰማል። ከዚያ የታችኛውን ከንፈር በጥጥ ጫፍ እየነካ ሕመምተኛዋን ይሰማት እንደሆነ ይጠይቃታል። ዕጢው በጣም ገዝፎ እንኳ ከንፈሯ ካልደነዘዘ ያጽናናል። እባጩ ትንሽ ሆኖ ከንፈሩ ከደነዘዘ፣ በሳምንታት ውስጥ ካደገ፣ ሌሊት የሚቀሰቅስ ሕመም ካለው ወይም አንገት ላይ ንፍፊት ካለ ካንሰርን ማሰብ የግድ ነው። በሕፃን ልጅ ላይ መንጋጋው በቀናት ውስጥ ቢያብጥና ጥርሶቹ ቢፈቱ ቡርኪት የተባለው የደም ወገን ካንሰር ሊሆን ስለሚችል አንድ ቀንም አያስቀምጥም፤ መድኃኒቱ ኬሞቴራፒ ነው፣ በጊዜ ከተጀመረ ብዙ ጊዜ ይድናል።

ቀጥሎ ራጁ ነው። ሙሉውን መንጋጋ ከጆሮ እስከ ጆሮ በአንድ ፊልም የሚያሳየው ፓኖራሚክ ራጅ ለዚህ ሥራ ወደር የለውም። አሜሎብላስቶማ በላዩ ላይ ብዙ ጊዜ የማር እንጀራ መስሎ፣ ክፍል ክፍል ሆኖ ይታያል፤ የጥርስ ሥሮችም በቢላዋ እንደተቆረጡ አጥረው ይገኛሉ። ለላይኛው መንጋጋና ለጉንጭ አጥንት ግን ሲቲ ስካን ያስፈልጋል፤ ዕጢው ወደ ዓይን ጉድጓድና ወደ ራስ ቅል ወለል መሄድ አለመሄዱን ተራ ራጅ አይለይምና። ይህም ሁሉ ሆኖ ራጅ ብቻውን አይፈርድም። የሚፈርደው ናሙናው ነው። ናሙና ከዕጢው ውስጠኛ ክፍል፣ ካልተመረቀዘ ቦታ ተወስዶ፣ እንዳይበላሽ በፎርማሊን ተነክሮ ፓቶሎጂስት (ናሙናን በማይክሮስኮፕ የሚመረምር ሐኪም) ዘንድ ይደርሳል። ራጁ አብሮ ካልተላከ ፓቶሎጂስቱም ሊሳሳት ይችላል፤ ፋይብረስ ዲስፕሌዥያና ኦሲፋይንግ ፋይብሮማ በማይክሮስኮፕ ሲታዩ መንታ ናቸው። እኔ ብዙ ጊዜ የሚቆጨኝ ይህች ነገር ናት፤ ገንዘብ አትፈልግም፣ ፊልሙን ከናሙናው ጋር በአንድ ፖስታ መላክ ብቻ ነው።

ውጤቱ አሜሎብላስቶማ ነው ከተባለ የሚመጣው ጥያቄ ከባድ ነው፦ ይፋቅ ወይስ ይቆረጥ? መፋቅ ለሕመምተኛው ቀላል ነው፤ አጥንቱ ይተርፋል፣ ፊቱ አይበላሽም፣ በቀናት ውስጥ ቤቱ ይገባል። ችግሩ ዕጢው በራጅ ላይ ከሚታየው ድንበር ከ2 እስከ 8 ሚሊ ሜትር አልፎ በጤናማው አጥንት ቀዳዳዎች ውስጥ የሚሰድ መሆኑ ነው። በተፋቀው ላይ በተለያዩ ጥናቶች ከ3 ሰው ከ1 በሚበልጠው፣ በአንዳንዶቹም ከግማሽ በላይ በሆነው ላይ ተመልሶ ይበቅላል። ከ1 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር ጤናማ አጥንት ጨምሮ ሲቆረጥ ግን የመመለሱ ዕድል ከ10 ሰው ወደ 1 ገደማ ይወርዳል። አንድ ክፍል ብቻ ያለው ዓይነት፣ በተለይ በልጆች ላይ፣ በመፋቅ ሊታከም ይችላል፤ ሕፃን ልጅ መንጋጋው ገና እያደገ ነውና ይህ መሞከር ያለበት ነገር ነው። ነገር ግን ፍቆ ክትትል የሚባለው ነገር የሚያዋጣው ሕመምተኛው በየስድስት ወሩ ተመልሶ መምጣት ከቻለ ብቻ ነው። ከዋግ ወይም ከላስታ ተራራ ላይ በእግርም በመኪናም ተጉዞ ለመጣ ገበሬ «በስድስት ወር ተመለስ» ማለት ምን ማለት እንደሆነ ሐኪሙ ራሱን መጠየቅ አለበት። እዚህ ላይ የፈረንጅ መጽሐፍን ብቻ ይዞ መፍረድ ያሳስታል፤ መንገዱም የሕክምናው ውሳኔ አካል ነው።

ቀዶ ሕክምናው የሚጀምረው ከሰመመን ባለሙያው ጭንቀት ነው። አፉ በዕጢ የተሞላ ሰው ከደነዘዘ በኋላ አየር መንገዱ ሊዘጋ ይችላል። ስለዚህ ቱቦው በአፍንጫ በኩል፣ አንዳንዴም ሕመምተኛው ነቅቶ ሳለ ይገባል፤ ያ ካልተቻለ ጉሮሮው ላይ ቀዳዳ ይከፈታል። አፍንጫው የሚመረጠው ለሌላም ምክንያት ነው፤ በቀዶ ሕክምናው ጊዜ የላይኛውና የታችኛው ጥርስ በሽቦ ታስሮ መቆየት አለበት። ሙያተኛው አጥንቱን ከመቁረጡ በፊት የተቆረጠውን አጥንት የሚያያይዘውን የቲታኒየም ብረት (ፕሌት) በመንጋጋው ቅርጽ አጥፎ፣ የብሎኖቹን ቀዳዳ ቀድሞ በስቶ ያስቀምጣል። ዕጢው ከወጣ በኋላ ያው ፕሌት በዚያው ቀዳዳ ሲመለስ ጥርሶቹ እንደ ቀድሞው ይገጥማሉ። ዕጢው አጥንቱን ገፍቶ ቅርጹን ካጠፋው ግን ማጠፊያ ልክ አይኖርም፤ እዚህ ላይ ነው የዘገየ ሕመምተኛ ፊት እንደ ጥንቱ ለመመለስ የሚያስቸግረው።

ፕሌት ብቻውን ዘላቂ አይደለም። በሚያኝክ ሰው ላይ ዓመታት ሲቆጠሩ ሊሰበር ወይም ቆዳ ቀድዶ ሊወጣ ይችላል። የተቆረጠው ርዝመት ከ5 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር ካልበለጠ ከዳሌ አጥንት ተቆርጦ ይተካል። ከዚያ የረዘመ ከሆነ ከቅልጥሙ ቀጭኑን አጥንት ከነደም ሥሩ አንሥቶ፣ አንገት ላይ ካለ ደም ሥር ጋር በማይክሮስኮፕ መስፋት ያስፈልጋል። ይህ ዘዴ ለመንጋጋ የዋለው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1989 ሲሆን ዛሬ በዓለም ቀዳሚው ነው፤ ረጅም ሰዓት፣ ሁለት የሐኪም ቡድንና ሌሊቱን ሙሉ የሚጠብቅ ነርስ ይጠይቃል። ሕመምተኛው ለሳምንታት የሚመገበው በስሪንጅ ወይም በቱቦ ነው፤ የአጃ አጥሚት፣ ወተት፣ የተጣራ ሾርባ። አፉ በሽቦ ታስሮ የወጣ ሕመምተኛ አስታማሚው የሽቦ መቁረጫ በኪሱ መያዝ፣ ማስታወክ ከመጣበትም የትኛውን ሽቦ ቀድሞ መቁረጥ እንዳለበት ማወቅ አለበት። ይህን ሳያስተምሩ ማስወጣት አደጋ ነው።

ወጪውስ? በአዲስ አበባ የካቲት 12 ሆስፒታል ሜዲካል ኮሌጅ በዚህ ሙያ ስሙ ይታወቃል፤ ከደሴ እዚያ ለመድረስ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የሪፈር ወረቀት ይዞ የሄደ ሰው የሚከፍለው የመኪና ብቻ አይደለም፤ ተራ እስኪደርሰው የሚያድርበት ቤት፣ የአስታማሚው ቀለብ፣ ቤት ውስጥ ያልታረሰው ማሳ አለ። ከማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን የመጀመሪያ የሙከራ ወረዳዎች አንዷ የደቡብ ወሎዋ ተሁለደሬ ነበረች፤ ዛሬ ብዙ ገበሬ መታወቂያው በእጁ ነው። ሆኖም መድኑ ሰው ሠራሽ ጥርስንና ለውበት ተብሎ የሚደረግ ቀዶ ሕክምናን አይሸፍንም። መንጋጋን መልሶ መሥራት ውበት አይደለም። መንጋጋ የሌለው ሰው አያኝክም፣ ምራቁን አይቆጣጠርም፣ ንግግሩ አይሰማም። ፕሌቱንና ብሎኑን ሕመምተኛው ከውጭ ገዝቶ ያምጣ ማለት ዕጢውን አውጥተን አንተን ግን እንተውሃለን እንደ ማለት ነው። የመድኑን ጥቅል የሚወስኑት ሰዎች ይህን ለይተው ቢጽፉት ብዙ ሰው በግማሽ መንገድ አይቀርም።

በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ የወሎ ሆስፒታሎችና ጤና ጣቢያዎች ተዘርፈዋል፣ የደሴው ትልቁ ሆስፒታልም ሳይቀር። ከዚያ ወዲህ መልሶ ማቋቋሙ ሲነገር የሚቀድመው የወሊድና የድንገተኛ ክፍል ነው፤ ተገቢ ነው። ከሚቀጥለው ረድፍ ግን የፓኖራሚክ ራጅ ማሽን እንዲገባ አጥብቄ እጠይቃለሁ፤ ቢያንስ አንድ በደሴ፣ አንድ በወልድያ በቋሚነት የሚሠራ። በእነዚህ ከተሞች የሚሠራ ማሽን ካለ ከወረባቦም ከቆቦም የሚመጣው ሰው አዲስ አበባ ሳይሄድ ናሙናው ይሄዳል፣ እሱ ቤቱ ሆኖ ቀጠሮውን ይጠብቃል። የትኛው ይቆረጥ፣ የትኛው ይጠበቅ፣ የትኛው ዛሬውኑ ይላክ የሚለው የሚለየው በዚህ ነው።

የሃይማኖት አባቶቻችንንም ልጨምር። በወሎ ሕመምተኛ ከሐኪም ቀድሞ ጠበል ይገባል፣ ወይም ሼሁ ዘንድ ሄዶ ዱዓ ያስደርጋል፣ ወዳጃ በሚባለው የጋራ ጸሎት ላይም ስለ እሱ ይለመናል። ይህን የሚነቅፍ ሐኪም ሕመምተኛውን ያጣዋል። እባጩን በጋለ ብረት መተኮስና መብጣት ግን መቆም አለበት፤ ጠባሳውና ምርቀዛው በኋላ ቆዳውን ለመስፋት ያስቸግራል። «ዱዓውንም ያዝ፣ ራጁንም ተነሣ» የሚል አንድ ሼህ፣ «ጠበሉ አይከለክልህም፣ ሐኪም ዘንድ ሂድ» የሚል አንድ ቄስ ከብዙ ፖስተር ይበልጣሉ።

ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋም ሥራው ከባድ አይደለም። ፊቱ በአንድ ወገን ያበጠ፣ እብጠቱም ከሦስት ሳምንት በላይ የቆየ፣ ጥርሱ ሳይበሰብስ የተነቃነቀ ሰው ስታገኝ አንቲባዮቲክ ውሰድ ብላ አትሸኘው፤ ጥርሱንም ማንም እንዳይነቅለው አስጠንቅቃ ራጅ ወዳለበት ትላከው። ታክሞ የተመለሰውንም አትርሳው። አሜሎብላስቶማ ከተመለሰ ከግማሽ በላይ የሚሆነው በመጀመሪያዎቹ 5 ዓመታት ነው፤ ከ10 ዓመት በኋላ የተመለሰበትም ሰው አለ። ሕመምተኛው የስልክ ቁጥሩን ይቀይራል፣ ወረቀቱ ይጠፋል፣ ያከመው ሐኪም ወደ ሌላ ቦታ ይዛወራል። ስሙና ቀጠሮው በቀበሌው የጤና ኬላ መዝገብ ላይ ከተጻፈ ግን በዓመት አንድ ጊዜ ቤቱ ሄዳ «እስቲ አፍህን ክፈትልኝ» የምትለው ሰው አትጠፋም።